ለልጁ የሚሰናዳ ክፍል፦ አካል ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት በመዋዕለ ሕፃናት

አንድ የዜሮ ክፍል በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ተሰቅሏል። መምህርቷ በቀጭን እንጨት ፊደሉን እየነኩ «ሀ!» ይላሉ፤ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ «ሀ!» ብለው ይመልሳሉ። ከኋላ ማየት የተሳነው ልጅ ተቀምጧል። እንጨቱም ገበታውም አይታየውም። ዜማው ግን ጆሮው ውስጥ ገብቷል፤ በጥቂት ወራት ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ ይወርደዋል። ከእርሱ ፈንጠር ብላ መስማት የተሳናት ልጅ አለች። የጓደኞቿ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ታያለች፤ እርሷም አብራ አፏን ትከፍታለች። ዓመቱ ሲያልቅ ከአንዲት ፊደል ጋር እንኳ አልተዋወቀችም።

አሁን ደግሞ መምህርቷ ዘዴ ቀየሩ እንበል። ዜማውን ትተው የበግ ሥዕል አመጡ፤ ከሥሩ «በ»ን ጽፈው ምንም ሳይናገሩ ያሳያሉ። ልጅቷ ወዲያው ትነቃቃለች። ልጁ ደግሞ ክፍሉ ለምን ጸጥ እንዳለ ግራ ገብቶት ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል።

የሁለቱም ልጆች አካል ትናንት እንደነበረው ነው። የተቀየረው የማስተማሪያው መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱ ሲቀየር የተጎዳው ልጅም ተቀየረ። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ማየት የተሳናቸው ሊቃውንት ዜማና ቅኔ ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው ሲያስተምሩ መኖራቸውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። የቻሉት ትምህርቱ በቃል የሚሰጥ ስለነበር ነው። ይህን ነገር የተረዳ ሰው የአካቶ ትምህርትን ግማሽ ያህል ተረድቷል።

አካቶ ትምህርት ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ በስብሰባና በሪፖርት ላይ በዝቶ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ግን «አካል ጉዳተኛ ልጅን መመዝገብ» በሚል ትርጉም ብቻ ነው። ያ አይበቃም። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ማብራሪያ አራት ነገሮችን ለያይቶ አስቀምጧል፦ ማግለል፣ መለየት፣ ማቀላቀልና ማካተት። ልዩነታቸውን ለመረዳት አንድ ድግስ እንውሰድ።

አንድ ቤተሰብ ድግስ ደግሶ ጎረቤቱን ሁሉ ሲጠራ፣ ጾመኛ የሆነችውን እንግዳ ሳይጠራ ቢቀር ያ ማግለል ነው። ጠርቷት ጓሮ ካለው ክፍል ለብቻዋ ምግብ ቢያቀርብላት መለየት ይባላል። በክብር ገብታ፣ ከሰው እኩል ተቀምጣ፣ እጇን ታጥባ፣ ሞሰቡ ሲከፈት ግን ያለው ክትፎና ዶሮ ወጥ ብቻ ቢሆንስ? ተጠርታለች፤ ተቀምጣለችም፤ የምትቀምሰው ግን የለም። ማቀላቀል ማለት ይህ ነው። አገራችን ውስጥ «አካቶ» እየተባለ የሚጠራው ብዙው ነገር እዚህ ላይ የቆመ ነው። ልጁ ስሙ መዝገብ ላይ አለ፤ ወንበር ተሰጥቶታል፤ የሚቀርበው ትምህርት ግን የሚደርሰው አይደለም።

ማካተት የሚባለው ቤተሰቡ ድግሱን ሲያስብ ገና ከመነሻው ሽሮውን፣ ምስሩንና ጎመኑን አብሮ ሲያሰናዳ ነው። እንግዳዋ ተነጥላ አትታይም፤ ከሌሎቹ ጋር ከአንድ ማዕድ ትበላለች። የፍስኩን የሚበሉትም ቢሆኑ ከሽሮው ሳይቀምሱ አይነሡም። ለአንዱ ተብሎ የተሠራው ለሁሉም ይጠቅማል፤ ይህ ነጥብ ወደ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ለምን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ? አንደኛ ክፍል ሲደርስ አይበቃም?

አይበቃም። ዋናው ምክንያት ቋንቋ ነው። የሰው ልጅ ቋንቋን ያለ ብዙ ድካም የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። አብዛኞቹ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ቤት ውስጥ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የለም። እንዲህ ያለ ልጅ 7 ዓመት ሞልቶት ትምህርት ቤት ሲገባ አማርኛም ኦሮምኛም ምልክትም ሳይኖረው፣ ማለትም ያለ አንዳች ቋንቋ ሊደርስ ይችላል። ያኔ የሚጎድለው ድምፅ መስማት ብቻ አይደለም፤ የሚያስብበት፣ የሚጠይቅበት፣ «ትናንት» እና «ነገ» የሚልበት መሣሪያም ይጎድለዋል። ከዓመታት በኋላ ይህን ለማካካስ እጅግ ከባድ ነው። በ4 ዓመቱ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰውና እንደ እርሱ ያሉ ሁለት ሦስት ልጆች ቢያገኝ ግን ታሪኩ ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ቶሎ ማየት ነው። ብዙ ጊዜ አንድን ሕፃን ከእኩዮቹ ጋር አስተያይቶ የሚያየው የመጀመሪያው ሰው የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ነው። «ይህ ልጅ ልቡ ሌላ ቦታ ነው፤ ሲጠሩት አይሰማም» የሚባለው ልጅ በተደጋጋሚ በሚመግል ጆሮ የተነሣ የመስማት ችሎታው ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሕክምና ያለው ነገር ነው። «ሰነፍ ናት፤ ደብተሯን ፊቷ ላይ ትለጥፋለች» የምትባለዋ መነጽር ብቻ ሊያስፈልጋት ይችላል። ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃን በለጋነቱ በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ እግሩ ይቃናል፤ ሳይታከም ካደገ ግን ነገሩ ይከብዳል። ስንቱ ልጅ ነው በሽታው ሳይሆን የተሰጠው ስም ከትምህርት ያስቀረው!

ሦስተኛው ከሌሎቹ ልጆች ጋር የተያያዘ ነው። የ4 ዓመት ልጅ ጓደኛው ለምን እንደሚያነክስ ይጠይቃል፤ መልሱን ሰምቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። «እርግማን ነው»፣ «የቁጣ ምልክት ነው» የሚለውን ወሬ የሚማረው ከትልልቆች ነው። ወሬው ሳይደርስበት አብሮ የተጫወተ ልጅ ሲያድግ የሚያስታውሰው ጓደኛውን ነው።

አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሣው ነገር ደግሞ አለ፤ እናትየው። መራመድ የማይችል ሕፃን ያላት እናት ልጇን አዝላ ትወጣለች፤ እየከበደ ሲሄድ ማዘሉ አይቻላትም፤ ቤት መቅረት ይመጣል። ልጁ ቤት ሲቀር እርሷም ሥራዋን ትታ ትቀራለች። ለግማሽ ቀን የሚቀበለው መዋዕለ ሕፃናት ቢኖር ሁለት ሰው ከቤት ይወጣል።

አካል ጉዳት እንዳለበት በምን ይታወቃል?

በቀጥታ በመጠየቅ አይደለም። ምዝገባ ላይ «ልጅዎ አካል ጉዳት አለበት?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ወላጅ «የለበትም» ይላል። አንዱ ስለሚያፍር፣ አንዱ ልጁ እንዳይመለስበት ስለሚፈራ፣ ሌላው ደግሞ አካል ጉዳት ሲባል በዊልቸር መሄድ ብቻ ስለሚመስለው ነው። ስለዚህ ዩኒሴፍና አካል ጉዳትን በቆጠራ የመለካት ሥራ የሚሠራው የዋሽንግተን ቡድን ሌላ ዓይነት ጥያቄ አዘጋጁ። ለ2 እስከ 4 ዓመት ሕፃናት የሚቀርበው ቅጽ የሚጠይቀው ልጁ ስለሚቸገርባቸው ነገሮች ነው፦ ለማየት ይቸገራል? ለመስማትስ? ለመራመድ? ትንሽ ዕቃ በእጁ ለማንሣት? የምትይውን ለመረዳት፣ አንቺስ እርሱ የሚለውን ለመረዳት? ነገሮችን ለመማር? ለመጫወት? ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ይማታል ወይም ይናከሳል?

መልሱም «አዎ» ወይም «አይደለም» ሳይሆን ደረጃ አለው፤ ምንም አይቸገርም፣ ትንሽ ይቸገራል፣ በጣም ይቸገራል፣ ጨርሶ አይችልም። በዚህ መንገድ የተጠየቀች እናት የምታውቀውን ትናገራለች፤ ስለ ልጇ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ይህ የጥያቄ ቅጽ ግን የበሽታ ምርመራ አይደለም። ሥራው ለልጁ ምን መመቻቸት እንዳለበትና ማን ባለሙያ ሊያየው እንደሚገባ መጠቆም ነው።

ታዲያ ክፍል ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው?

ሰዎች ይህን ሲሰሙ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር ይታያቸዋል። የሚጠይቅ አለ፤ ብሬል (በጣት የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት)፣ የመስማት መርጃ መሣሪያ፣ ዊልቸር፣ የሠለጠነ ባለሙያ ገንዘብ ይፈልጋሉ። ነገር ግን በየቀኑ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራ አብዛኛው ከሐሳብና ከትዕግሥት የሚወጣ ነው።

ወደዚያች መስማት የተሳናት ልጅ እንመለስ። መምህርቷ መስኮቱን ከኋላቸው አድርገው ሲቆሙ ፊታቸው ይጨልምባታል፤ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዲያርፍ ዞረው ቢቆሙ ገጽታቸውንና አፋቸውን ታያለች። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ደግሞ ለእኛ ፊደል የተገራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለው ልዩነት በእጅ እንቅስቃሴ ይገለጻል። እንግዲህ ክፍሉ በሙሉ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ»ን በድምፅም በእጅም ቢያወርድ፣ ልጅቷ ፊደሏን ታገኛለች፤ ሌሎቹ ደግሞ ከእርሷ ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ይኖራቸዋል። ሕፃናት በእጃቸው መሥራት ስለሚወዱ ለእነርሱ ጨዋታ ነው። የጣት ፊደል ብቻውን ቋንቋ አይሆንም፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የግድ ያስፈልጋል። መነሻ ግን ይሆናል።

ማየት ለተሳነው ልጅ ፊደሉ በጣት የሚዳሰስ መሆን አለበት። በሳፋ ላይ በተነጠፈ አሸዋ በጣት መጻፍ፣ በካርቶን ላይ በገመድ የተለጠፈ ፊደል፣ በጠጠርና በቆርኪ መቁጠር። ይህን ለአንድ ልጅ ብላችሁ ብታዘጋጁ ክፍሉ ሁሉ ተሻምቶ ይመጣል፤ ቅድም ያነሣነው ሽሮ ይህ ነው። በአሸዋ የሚጽፍ የ5 ዓመት ልጅ፣ ማየት ቻለም አልቻለም፣ እርሳስ ለመያዝ ጣቱ ይጠነክራል።

ሴሬብራል ፓልሲ ያለባትን ልጅ እንውሰድ። ይህ በእርግዝና ወቅት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም በጨቅላነት አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው፤ አይተላለፍም። ጡንቻዋ ስለማይታዘዝላት ቀጥ ብላ መቀመጥ ያቅታታል፤ ሳትቀመጥ ደግሞ እጇን ልትጠቀም አትችልም። በአካባቢው አናጺ የተሠራ፣ ጎንና ጎኑ የተደገፈ፣ እግር ማሳረፊያ ያለው ወንበር ቀኗን ይለውጠዋል። እርሳሱ ላይ ከከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ቢጠቀለልበት ወፍሮ ይያዝላታል። ንግግሯ የማይገባ ከሆነ ውኃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ «አመመኝ»፣ «መጫወት እፈልጋለሁ» የሚሉ ሥዕሎች በካርቶን ተለጥፈው በጣቷ ወይም በዓይኗ ታመለክታለች። የማይናገር ሁሉ የማያስብ አለመሆኑን ክፍሉ የሚማረው ያኔ ነው።

ኦቲዝም፣ ማለትም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት፣ ላለበት ልጅ የሚከብደው ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ለውጥና ጩኸት ነው። ቀኑ በሥዕል ተደርድሮ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ማለትም መጀመሪያ መዝሙር፣ ቀጥሎ ፊደል፣ ቀጥሎ እጅ መታጠብ፣ ቀጥሎ ምግብ፣ ቀጥሎ ጨዋታ፣ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ይረጋጋል። ጩኸቱ ሲበዛበት ሄዶ የሚቀመጥበት፣ ሰሌን የተነጠፈበት ጥግ ይኑረው። ቅጣት መስጫ ሳይሆን ማረፊያ መሆኑን ሁሉም ልጅ ይወቅ።

የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለበት ልጅ ዋናው ዘዴ ሥራን መቆራረጥ ነው። «እጅህን ታጠብ» ለእኛ አንድ ነገር ነው፤ ለእርሱ ግን ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና ማንሣት፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ መዝጋትና ማድረቅ ነው። አንዱን እስኪለምድ አብሮት መሥራት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ማለፍ። ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ዓመቱ ግን አይባክንም፤ ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ እጁን ራሱ ይታጠባል።

ሌሎቹን ልጆች ወደኋላ አይጎትትም?

ይህ የብዙ ወላጅ ስጋት ነው፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲሰበሰቡ የሚያሳዩት፣ አካል ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች አብዛኞቹ በትምህርታቸው እንደማይጎዱና በማኅበራዊ ባህርያቸው ብዙ ጊዜ እንደሚጠቀሙ ነው። ምክንያቱ ከላይ የታየው ነው፤ ሥዕል፣ ዳሰሳ፣ በትንሽ ቡድን መሥራት የማንንም ሕፃን ትምህርት ያሻሽላሉ።

ግን አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። አንዲት መምህርት ያለ ረዳት፣ ያለ ሥልጠና፣ ከአቅሟ በላይ ሕፃናት በታጨቁበት ክፍል ውስጥ ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ተጨምረውላት «አካትቺ» ብትባል ሁሉም ይጎዳሉ፤ እርሷም ትጎዳለች። ጥፋቱ ግን የልጆቹ አይደለም። የተጨናነቀው ክፍል ያለ እነርሱም የተጨናነቀ ነበር።

ልዩ ትምህርት ቤቶችስ ይዘጉ?

የሕግ ባለሙያዋና የመብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለደችው ሳይንት፣ ወሎ ነው። በ5 ዓመቷ ማየት ተሳናት፤ ትምህርት ያገኘችው ግን ሻሸመኔ ባለ ማየት የተሳናቸው ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ መንገድ ከፍቶላታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከመቀበል ደርሳለች። ሆኖም አንዲት ሕፃን ፊደል ለመቁጠር ከቤተሰቧ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች መራቅ ነበረባት። እንደዚሁ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን በአግባቡ የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እነዚህ ተቋማት የተወለዱት የሠፈሩ ትምህርት ቤት በሩን ስለዘጋ ነው። ሠፈሩ ገና ሳይዘጋጅ እነርሱን መዝጋት ልጆቹን ወደ ቤት መመለስ ይሆናል።

የተሻለው መንገድ ዕውቀታቸውን ወደ ሠፈር ትምህርት ቤቶች ማውጣት ነው። በአገራችን የተጀመረው የድጋፍ መስጫ ማዕከል አሠራር ይህን ያልማል፤ በአንድ ትምህርት ቤት የብሬል ዕቃ፣ የምልክት ቋንቋ ባለሙያና የልዩ ፍላጎት መምህር ይቀመጣሉ፤ በዙሪያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ ያግዛሉ።

መስማት የተሳናቸውን በተመለከተ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በሚሰሙ 50 ልጆች መካከል ብቻዋን የተቀመጠች፣ በምልክት የሚያናግራት የሌላት ልጅ ተካትታለች ማለት አይቻልም። ቢያንስ ጥቂት ሆነው በአንድ ትምህርት ቤት ቢሰበሰቡ ይሻላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ መማር እንዲመቻችና መስማት የተሳናቸው ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት እንዲጎለብት ለይቶ የደነገገው ለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ ስለዚህ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ጠይቋል። የቅድመ አንደኛ ትምህርትን በስፋት ያስጀመረው የሕፃናት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍም የወጣው በዚያው በ2002 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ አለ። ወረቀቱን ወደ መወጣጫ፣ ወደ ሽንት ቤትና ወደ መምህራን ሥልጠና መለወጥ የወረዳውና የትምህርት ቤቱ በጀት ሥራ ነው።

ውጭ አገር ለሚኖሩ ወላጆች

በአሜሪካ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች በሕዝብ ትምህርት ቤት በነፃ እንዲማሩ የሚያዘው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ፤ በ1986 ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ተዘረጋ። ልጁ እንዲገመገም ወላጅ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ ግምገማው በነፃ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ መብቱን አያስቀርም። የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋን መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማይችሉትን በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ ያስገድዳል፤ አማርኛም ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ልጃችሁ መናገር ስለዘገየ «አማርኛውን ተዉት» የሚላችሁ ቢኖር አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየትን ወይም ኦቲዝምን እንደማያባብስ ጥናቶች ያሳያሉ፤ አማርኛውን የተቀማ ልጅ ግን ከአያቱ ጋር የሚያወራበትን ያጣል።

ምዝገባ ስንሄድ ምን እንጠይቅ?

ነሐሴ ላይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚቆም ወላጅ «ትቀበሉታላችሁ?» ብሎ ብቻ አይመለስ። ሽንት ቤቱን ልየው ይበል፤ ደረጃው ስንት ነው? ልጄ ሽንት ሲመጣበት ማን ይወስደዋል? በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ይጫወታል? ሌሎቹ ልጆች ስለ እርሱ ሲጠይቁ መምህርቷ ምን ይሏቸዋል? ሲታመም፣ የሚጥል በሽታ ካለበትም መድኃኒቱን ማን ያውቃል? በምላሹም ወላጁ ልጁ የሚችለውን፣ የሚወደውን፣ የሚያስፈራውን፣ ሲከፋው የሚያረጋጋውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጥ። መጻፍ የማይችል ሌላ ሰው ያስጽፍ። መምህርቷ ከማንኛውም የሐኪም ወረቀት ይልቅ በየቀኑ የምትጠቀመው ያንን ገጽ ነው።

ከተቻለ ደግሞ በጳጉሜን፣ ግቢው ባዶ እያለ፣ ልጁን ይዞ መሄድ ነው። በሩን ይንካው፤ የውኃውን ቧንቧ ይክፈተው፤ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ከክፍሉ እስከ ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ እንደሆነ አብረው ይቁጠሩ። መስከረም ላይ ያ ሁሉ ሕፃን ሲጎርፍ እርሱ ቀድሞ የሚያውቀው ቦታ ላይ ይሆናል።